ግድግዳዎ ላይ ስላለው የአሜሪካ ገጠር ሥዕል

ጥያቄው የመጣው ሜሪላንድ ከሚኖሩ አንዲት እህት ነው። ለብዙ ዓመታት ያስታመሟቸው አሜሪካዊት አዛውንት ሲያርፉ፣ የአዛውንቷ ልጅ አንድ ባለፍሬም ሥዕል ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዳ «እናቴ ለአንቺ እንዲሰጥ ትፈልግ ነበር» ብላ ሰጥታቸዋለች። በሥዕሉ ላይ በረዶ የለበሰ የገበሬ ቤት፣ በረንዳው ላይ እንግዳ የሚቀበሉ ሰዎች፣ ፈረስ የተጠመደበት የበረዶ ጋሪ ይታያል። ከግርጌው በእንግሊዝኛ «ሆም ቱ ታንክስጊቪንግ» (ለምስጋና ቀን ወደ ቤት) የሚል ርእስ፣ «ከሪየር ኤንድ አይቭስ» የሚል የአሳታሚ ስምና 1867 የሚል ዓመት ተጽፏል። የሥዕሉን ወርድ ለክተው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው። ሥዕሉ የዘመኑ ነው ወይስ ቅጂ? እንዲህ ያሉ ሥዕሎችስ እንዴት ይሠሩ ነበር? ሦስተኛውን በራሳቸው ቃል ላስቀምጠው፦ «እኔ ያደግሁት ጎጃም ገጠር ነው፤ የገበሬ ቤት አውቃለሁ። እዚህ ሥዕል ላይ ጭቃ የለም፤ የደከመው ሰው የለም። የአሜሪካ ገበሬ እውነት እንዲህ ይኖር ነበር?»

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ደስ የሚያሰኝ ስላልሆነ ሳላቆይ ልናገረው፤ የእርስዎ ሥዕል ቅጂ ነው። በወረቀት ላይ የታተሙ ሥዕሎችን በመመርመርና በመጠገን ሥራ ብዙ ዓመት ብቆይም፣ አንድን ሥዕል ሳላየው እንዲህ ነው ብዬ አልናገርም። እዚህ ላይ ግን እርስዎ የለኩት ወርድ ብቻውን በቂ ነው። የዚያ ዘመን የኅትመት ሥዕል እንደ ዛሬ ፎቶግራፍ እንደተፈለገ የሚሰፋና የሚጠብ አልነበረም፤ የሚታተመው በድንጋይ ላይ ተሥሎ ስለነበር፣ ድንጋዩ ላይ የተሣለው ልክ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ልክ ነው። ከሪየርና አይቭስ ይህንን ሥዕል በ1867 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት በትልቁ የወረቀት ልካቸው ነው፤ ሥዕሉ ብቻ፣ ዳሩ ሳይቆጠር፣ ወደ 63 ሳንቲ ሜትር ወርድና ወደ 37 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው የእርስዎ ሥዕል በፎቶግራፍ ተቀንሶ በኋላ የታተመ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህ ሥዕሎች በካላንደር፣ በገና ካርድ፣ በብስኩት ቆርቆሮና በሸክላ ሳህን ላይ ሳይቀር ታትመው ስለነበር፣ ብዙ አሜሪካዊ ቤተሰብ ከካላንደር ላይ ቆርጦ በፍሬም ያስገባቸው ነበር። ከግርጌው ያለው 1867 የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ማንም ለማታለል የጨመረው አይደለም፤ ፎቶግራፉ ሲነሣ አብሮ የተነሣው የመጀመሪያው ኅትመት ጽሑፍ ነው።

ተመሳሳይ ሥዕል ያላቸው ሌሎች አንባቢዎች እንዲጠቀሙበት ፍተሻውን በዝርዝር ላስቀምጠው። አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር፣ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙትን ዓይነት፣ ያግኙና ከሥዕሉ ሰማይ ላይ ያሳርፉት። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦች በሥርዓት ተሰልፈው ካዩ ነገሩ አለቀ፤ ያ በፎቶግራፍ የተሠራ የማሽን ኅትመት ነው። በድንጋይ የታተመው ግን ሥርዓት የሌለው ጥቁር ብናኝ ሆኖ ይታያል፤ በሻካራ ግድግዳ ላይ ከሰል ሲያሻሹ ከሰሉ የሚይዘው አባጣውን ብቻ ነው፣ ጎድጓዳው ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ መልኩ እንደዚያ ነው። ቀለሙ ደግሞ ከጥቁሩ በላይ በብሩሽ የተቀባ ስለሆነ ዳርና ዳሩ ላይ ጠቆር ብሎ የደረቀ የውሃ ምልክት ይኖረዋል፤ ብዙ ጊዜም ከመስመሩ ያልፋል። አንድ ጊዜ እጄ በገባ የክረምት ሥዕል ላይ የአንዲት ልጅ ካባ ቀይ ቀለም ከጠርዙ ሾልኮ በረዶው ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጠብታ ሠርቶ ነበር። ያችን ጠብታ ሳይ የሠራተኛዋን እጅ ያየሁ ያህል ተሰማኝ። ነጥብ አለመኖሩ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነጥብ የማይጥሉ የፎቶግራፍ ማተሚያ ዘዴዎችም ነበሩና። መጠኑ፣ ወረቀቱ፣ ቀለሙና የግርጌው ጽሑፍ አንድ ላይ መመስከር አለባቸው።

የግርጌውን ጽሑፍ ካነሣን አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። እስከ 1870 ድረስ በአሜሪካ የሥራ ባለቤትነት መብት ይመዘገብ የነበረው በየአካባቢው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ነበር፤ በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ምዝገባው ዋሽንግተን ወደሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተዛወረ። ስለዚህ ከሥዕሉ ሥር የኒው ዮርክ ደቡባዊ አውራጃ ፍርድ ቤትን የሚጠቅስ ረጅም ዐረፍተ ነገር ካዩ ሥዕሉ መጀመሪያ የወጣው ከለውጡ በፊት ነው ማለት ነው። የድርጅቱ አድራሻም ይረዳል፤ የዘመኑ ኅትመት ሆኖ 152 ናሳው ጎዳና የሚል ከሆነ ከ1872 በኋላ የታተመ አይደለም፤ በዚያ ዓመት ከዚያ ቤት ለቀዋልና።

አሁን ወደ አሠራሩ። የእነዚህ ሥዕሎች ሁሉ መሠረት ሊቶግራፊ፣ ማለትም የድንጋይ ኅትመት ነው። አሎይስ ዘነፈልደር የተባለ ጀርመናዊ በ1790ዎቹ መጨረሻ ሙኒክ ውስጥ ያገኘው ዘዴ ሲሆን፣ የሚመካበት ነገር ማንኛዋም ወጥ ሠሪ የምታውቀው ነው፦ ስብና ውሃ አይዋደዱም። ባቫሪያ ውስጥ ዞልንሆፈን ከሚባል ስፍራ የሚወጣ እጅግ ልሙጥ የኖራ ድንጋይ ይወሰዳል፤ ፊቱ በአሸዋና በውሃ ይፈጫል። ሠዓሊው በሰም፣ በሳሙና፣ በሞራና በጥላሸት በተሠራ እርሳስ ሥዕሉን ግራ ቀኙን ገልብጦ ድንጋዩ ላይ ይሥላል። ከዚያ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት የግራር ሙጫ ይቀባል፤ ይኸው ዛሬም በዋናነት ከሱዳን የሚመጣው፣ በአገራችን ቆላዎችም የሚለቀመው ሙጫ ነው። ሙጫው ያልተሣለበትን የድንጋይ ፊት ውሃ ወዳድ ያደርገዋል። ድንጋዩ በስፖንጅ ሲረጥብ ባዶው ቦታ ውሃውን ይይዛል፣ የተሣለበት ይገፋዋል፤ ቅባታም ጥቁር ቀለም በሮለር ሲሄድበት ደግሞ በተቃራኒው እርጥቡ ቀለሙን ይገፋል፣ ሥዕሉ ይቀበላል። ወረቀት ተነጥፎ በመጭመቂያው ሲያልፍ ሥዕሉ ቀንቶ ይወጣል። ለሚቀጥለው ወረቀት ድንጋዩን እንደገና ማርጠብ፣ እንደገና ቀለም መስጠት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ቅጂ ይህን ሙሉ ድካም ይጠይቃል። ሥዕሉ ገበያ ካጣ ድንጋዩ ተፈጭቶ ለሌላ ሥዕል ይውላል፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ድንጋዮች ዛሬ እምብዛም የማይገኙት።

ናትናኤል ከሪየር በ1813 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተወለደ ሲሆን፣ ገና በ15 ዓመቱ ቦስተን ውስጥ ፔንድልተን ወደሚባሉ የድንጋይ ኅትመት ባለሙያዎች ዘንድ ገብቶ ሙያውን ተማረ። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1830ዎቹ አጋማሽ የራሱን ሥራ ጀመረ። ስሙን ያስጠራው የገጠር ሰላም አልነበረም፤ በጥር 1840 ሎንግ አይላንድ ሳውንድ ላይ የተቃጠለችው የሌክሲንግተን መርከብ አደጋ ሥዕል ነው። ጄምስ ሜሪት አይቭስ በ1852 ሒሳብ ያዥ ሆኖ ገባና በ1857 ሸሪክ ሆነ፤ ገበያው ምን እንደሚወድ የማወቅ ችሎታው የመሥራቹን ያህል ድርጅቱን እንደጠቀመ ይነገራል። ድርጅቱ እስከ 1907 ድረስ ቆይቶ ከ7,000 በላይ ርእሶችን አሳትሟል። ራሱን ያስተዋወቀው «የርካሽና ተወዳጅ ሥዕሎች አሳታሚ» ብሎ ነው፤ ትንንሾቹ በጥቂት ሳንቲሞች፣ ትልልቆቹ ከአንድ እስከ ሦስት ዶላር ይሸጡ ነበር። የቅዱሳን ሥዕልም፣ የፈረስ እሽቅድምድምም፣ የፕሬዚዳንት ምስልም ከዚያው ቤት ይወጣ ነበር። እኛ ቤት የታተመ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ከገበያ ተገዝቶ በግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል፣ የአሜሪካ ሠራተኛ ቤተሰብም የግድግዳውን ሥዕል የገዛው እንዲህ ነው።

ከሁሉ በላይ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው የቀለም ቀቢዎቹን ነገር ነው። ትንንሾቹ ሥዕሎችና አብዛኞቹ ትልልቆቹ ከማተሚያው የሚወጡት በጥቁርና ነጭ ነበር። ስፕሩስ ጎዳና ላይ በነበረው የሥራ ቤታቸው ፎቅ፣ አብዛኞቹ ጀርመናዊ ትውልድ ያላቸው ወጣት ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከፊታቸው ተቀብቶ ያለቀ አንድ ናሙና ይቆማል። አንዷ ሰማዩን ብቻ ትቀባለች፤ ለጎረቤቷ ታቀብላለች፤ ያች የዛፉን አረንጓዴ፣ ቀጥላ ያለችው የጣሪያውን ቀይ፣ እያለ ይዞራል፤ በመጨረሻ አንዲት ልምድ ያላት ሠራተኛ ግድፈቱን ታርማለች። ትእዛዝ ሲበዛ ተጨማሪ ሴቶች ይቀጠራሉ፤ ቅርጽ የተቆረጠለት ወረቀት እየተደገፈ ይቀባል። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ርእስ ያላቸው ሁለት የዘመኑ ኅትመቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቀለማቸው ፈጽሞ አንድ የማይሆነው። የሠዓሊውና የድንጋይ ሣዩ ስም ከግርጌ ሊጻፍ ይችላል። የቀባችው ሴት ስም ግን በአንዱም ላይ የለም፤ እኔን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ገዢው ከመንገድ ላይ ቆሞ በመስኮት ያየውና የወደደው ቀለሙን ነበርና።

«ሆም ቱ ታንክስጊቪንግ» ላይ ያለውን በረዶ ልብ ይበሉ። የዘመኑን ኅትመት ያየ ሰው በረዶው ከሞላ ጎደል ቀለም ያልነካው ወረቀት መሆኑን ያስተውላል። ለዚህም ነው ወረቀቱ ሲያረጅ በረዶው ቢጫ የሚሆነው፤ ባለቤቶችም «ላጥራው» ብለው በበረኪና እያጠቡ የሚያበላሹት። የሥዕሉ ምንጭ የጆርጅ ሄንሪ ዱሪ የቅባት ሥዕል ነው። ዱሪ በ1820 ኒው ሄቨን፣ ከነቲከት ተወልዶ የሰው መልክ በመሣል የጀመረ፣ ኋላ ግን የአካባቢውን ክረምት መሣል የመረጠ ሰው ነበር። ከሪየርና አይቭስ ከሥራዎቹ አሥሩን አሳትመዋል፤ እሱ ግን በ1863 ስለሞተ አብዛኞቹን፣ የእርስዎንም ሥዕል ጭምር፣ ታትሞ አላየውም። ድንጋዩ ላይ የሣለው ጆን ሹትለር የተባለ ሌላ ባለሙያ ነው።

ሌላዋ ስሟ መጠራት ያለበት ፋኒ ፓልመር ናት። በ1812 ሌስተር፣ እንግሊዝ ውስጥ ተወለደች፤ በ1840ዎቹ ከቤተሰቧ ጋር ኒው ዮርክ ገባች። ባሏ ኤድመንድ በ1859 ሞተ፤ ቤተሰቡን ያኖረው የእሷ እጅ ነው። ለድርጅቱ ወደ 200 ገደማ ሥዕሎችን ሠርታለች፤ በ1855 የወጡት አራቱ «የአሜሪካ የገጠር ኑሮ» ሥዕሎች፣ የግንቦት ጠዋት፣ የበጋ ምሽት፣ የጥቅምት ከሰዓትና የክረምት ደስታ፣ የእሷ ናቸው። ከድርጅቱ ሌሎች ሠዓሊዎች መካከል አርተር ፊትዝዊልያም ቴት የሊቨርፑል፣ እንግሊዝ ተወላጅ ነው፤ ሉዊስ ማውረር ከጀርመን የመጣ ነው። እንግዲህ አሜሪካውያን «የአያቶቻችን አገር» ብለው የሰቀሉት ገጠር በብዛት ከእንግሊዝና ከጀርመን በመጡ ሰዎች እጅ፣ በባቫሪያ ድንጋይ ላይ፣ ማንሃተን ውስጥ የተሠራ ነው። ስደተኛ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ከእኔ በላይ የሚገባው ይመስለኛል።

ይህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ይወስደናል፤ ብዙ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ዓመት ፈጅተው የሚደርሱበትን ነገር ጎጃም ማደግዎ ብቻ አሳይቶዎታል። ጭቃው የለም፤ ድካሙም የለም። ነገር ግን ሥዕሎቹ ሐሰት ናቸው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ነገር ለየብቻው ሲታይ እውነት ነው። የቤቱ አሠራር፣ የማገዶው ክምር፣ የበረዶ ጋሪው፣ በበሬ የሚጎተተው ግንድ በኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ባሉት ግዛቶች፣ የነበረ ነው። ሥራም ይታያል። በ1864 ከዱሪ ሥዕል የታተመው በክረምት የኩሬ በረዶ ተቆርጦ ሲጫን ያሳያል፤ የቴት የ1856 ሥዕል ከሜፕል ዛፍ የሚወርደው ጣፋጭ ውሃ ጫካ ውስጥ ተቀቅሎ ስኳር ሲሆን ያሳያል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የማውረር ሥዕል ባልና ሚስት ጋሪያቸውን ለገበያ ሲጭኑ ያሳያል፤ በ1861 የወጣው የኢስትማን ጆንሰን «ሐስኪንግ» ደግሞ በቆሎ ከልባሱ ሲገፈፍ ነው። ይህ የመጨረሻው በዚያ አገር ጎረቤት ተጠራርቶ እንደ ደቦ የሚሠራው ሥራ ነበር፤ እርስዎ ሲያዩት ወዲያው ያውቁታል ብዬ አምናለሁ።

የጎደለው መረጣው ላይ ነው። ከሥራ ሁሉ የተመረጠው በኅብረት የሚሠራው፣ ከወቅት ሁሉ የተመረጠው በረዶ ጭቃውን የሸፈነበት፣ ከቀን ሁሉ የተመረጠው ዘመድ የሚገባበት ቀን ነው። በዘመኑ ማሳዎች እየተስፋፋ የነበረው በፈረስ የሚጎተት የማጨጃ ማሽን በአብዛኞቹ የገበሬ ቤት ሥዕሎች ላይ አይታይም፤ ዕዳ፣ የተጣለ እርሻ፣ የሞተ ልጅ አይታይም። ምክንያቱን ለማወቅ ገዢውን ማየት ይበቃል። በ1860 ከአምስት አሜሪካውያን አራቱ ገና ከከተማ ውጭ ይኖሩ ነበር፤ ከተሞቹ ግን በፍጥነት እያደጉ፣ የኒው ኢንግላንድ ደረቅና ድንጋያማ እርሻዎች እየተለቀቁ ነበር፤ ወጣቱ ግማሹ ወደ ምዕራብ ለም መሬት፣ ግማሹ ወደ ፋብሪካ ይሄድ ነበር። «ሆም ቱ ታንክስጊቪንግ» የወጣው የርስ በርስ ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ሊንከን በ1863 የምስጋናን ቀን አገር አቀፍ በዓል አድርጎ ባወጀ በአራተኛው ዓመት ነው። በረንዳው ላይ የሚገባው ሰው ከቤቱ ርቆ የኖረ ሰው ነው፤ ሥዕሉን የገዛውም ራሱ ያ የራቀው ሰው ነበር። እኔ ይህን ሥዕል የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የገበሬውን ኑሮ ሳይሆን የናፍቆትን ልክ በትክክል ስለሚነግረኝ።

የደከመውን ሰው ማየት ከፈለጉ ግን ሌላ ዓይነት ኅትመት መክፈት ይኖርብናል። ዊንስሎው ሆመር በ1836 ቦስተን ተወልዶ በዚያው ከተማ የድንጋይ ኅትመት ቤት ውስጥ ተለማማጅ ሆኖ ሠራ፤ ሥራውን ስላልወደደው ወጣና ከ1857 ጀምሮ «ሃርፐርስ ዊክሊ» ለተባለው ሳምንታዊ መጽሔት መሣል ጀመረ። የመጽሔቱ ሥዕሎች የሚታተሙት ከእንጨት ነው። ሠዓሊው በጠንካራ የቦክስዉድ እንጨት አግድም ቁራጭ ላይ ይሥላል፤ ቀራጮች ነጭ የሚሆነውን ሁሉ በብረት እየፋቁ ያወጣሉ። ያ ዛፍ ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ሥዕል ለመሥራት ብዙ ትንንሽ ቁራጮች በብሎን ይያያዛሉ፤ ሥራው ሲጣደፍም ተፈትተው ለየቀራጩ ይከፋፈላሉ። በመስከረም 20 ቀን 1873 የወጣውን፣ ባዶ እግራቸውን ያሉ የገጠር ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከትምህርት ቤታቸው ፊት ሲሮጡ የሚያሳየውን ሰፊ የሆመር ሥዕል በጎን ብርሃን ቢያዩት፣ አንዳንዴ የእንጨቶቹ መጋጠሚያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ሆኖ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ ያገኙታል።

ይኸው ሆመር በሐምሌ 25 ቀን 1868፣ ማለትም የእርስዎ ሥዕል በወጣ በዓመቱ፣ በዚያው መጽሔት ላይ የሎረንስ፣ ማሳቹሴትስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ደወል ተደውሎ ሲወጡ የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። ሴቶች፣ ወንዶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች የምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው መንገዱን ሞልተዋል፤ ፊታቸው ላይ የቀኑ ሥራ ይነበባል። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ለተማሪዎች ሳሳይ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገኝም። ከገጠሩ በረንዳ የወጣው ሰው የት እንደገባ፣ ደሞዙን ከምን እንዳገኘ፣ ያን የበረዶ ሥዕል ለምን እንደፈለገ ከሁለቱ መካከል ይታያል።

ስለጎደለው ስንናገር ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ሌላም አለ። ጦርነቱ ሲጀመር ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁር ሰዎች በባርነት የደቡቡን መሬት ያርሱ ነበር፤ «የአሜሪካ ገጠር» ተብሎ በየሳሎኑ የተሰቀለው ግን የሰሜኑ ነጭ ገበሬ ቤት ነው። ቀደም ሲል የሎንግ አይላንዱ ዊልያም ሲድኒ ማውንት በ1836 የሣለው፣ በ1843 በብረት ተቀርጾ ለአንድ የኒው ዮርክ የሥነ ጥበብ ማኅበር አባላት የታደለው ሥዕል፣ ገበሬዎች ቀትር ላይ ሲያርፉ ያሳያል። ከመካከላቸው አንድ ጥቁር ሠራተኛ ድርቆሽ ላይ ተኝቷል፤ አንድ ልጅ በሣር ጆሮውን ይኮረኩረዋል። ኒው ዮርክ ባርነትን ፈጽሞ ያስቀረችው በ1827፣ ሥዕሉ ከመሣሉ ዘጠኝ ዓመት በፊት ብቻ ነው። ማውንት የዚያን ሰው አካል በክብርና በጥንቃቄ ሥሎታል፤ የሰነፍነቱን ተረት ግን አብሮ ሥሎበታል፤ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ አሉ። ከሪየርና አይቭስ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት «ዳርክታውን» በሚል ስም ጥቁሮችን የሚያዋርዱ ሥዕሎች በተከታታይ አውጥተው በብዛት ሸጠዋል። ያንን የበረዶ ሰላም ያተመው ቤት ይህንንም አትሟል። እኛ፣ በተለይ እዚህ አገር ልጆች የምናሳድግ፣ ሥዕሎቹን ስንወድ ይህንን አውቀን መውደድ አለብን እላለሁ።

ወደ ግድግዳዎ ልመለስ። ቅጂ ነው ማለት ይጣል ማለት አይደለም፤ አዛውንቷ በየዕለቱ ያዩት የነበረው እሱን ነው። ጀርባውን ከፍተው ይመልከቱ፤ የወር ሰንጠረዥ፣ የካላንደር አሳታሚ ስም ወይም የፍሬም ሠሪ ወረቀት ካለ የታተመበትን ዘመን ይጠቁማል። ከፀሐይ ያርቁት። የዘመኑ ኅትመት እጃቸው የገባ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት ዳሩን አያስቆርጡ። አንድ ቤተሰብ ያመጣልኝ ጥሩ የ1860ዎቹ ኅትመት ከተዘጋጀ ፍሬም ጋር እንዲገጥም ተብሎ በአንድ ፍሬም ሠሪ እጅ ዳሩ ከነጽሑፉ ተቆርጦ ነበር፤ የአሳታሚው ስምና ዓመቱ አብረው ሄደዋል፤ ያን የሚመልስ ጥገና የለም። ሥዕሉ ከመስታወቱ ጋር እንዳይነካካ፣ ከጀርባው ያለው ካርቶንም አሲድ የሌለው እንዲሆን ያድርጉ፤ ተራው ካርቶን ወረቀቱን ቡናማ አድርጎ ይበላዋል።

እርስዎ ሜሪላንድ ስለሆኑ አንድ ዕድል አለዎት። በምዝገባ ምክንያት ከገቡትና በስጦታ ከደረሱት መካከል የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብዙ የከሪየርና አይቭስ ኅትመቶችን ይዟል፤ ብዙዎቹንም በድረ ገጹ በነፃ ማየት ይቻላል። ዋሽንግተን ሄደው የአንባቢ መታወቂያ በነፃ ካወጡ በኋላ የኅትመቶችና ፎቶግራፎች ክፍሉን አስቀድመው ይጠይቁ። ሲሄዱ የሚያጎላውን መነጽር ይያዙ፤ ከሥዕሎቹ በአንዱ በረዶ ላይ አሳርፈው ጥቁሩን ብናኝ፣ ከዚያም ቀለሙ ከመስመር ያለፈበትን ቦታ ይፈልጉ። የቤትዎ ሥዕል ጀርባ ላይ ጽሑፍ ካገኙ ደግሞ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።